ክቡር ተቆጣጣሪው እና ወተቷን የያዘችው ላም

መቼም ከብት ባለበት ግቢ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ላም ልትጠፋ ትችላለች፤ እሱ ግን አይጠፋም። አካፋ አይነካም፣ ባልዲ አያነሳም፣ ሥራ በተጀመረበት ቦታ ሁሉ ግን ከመሬት የበቀለ ይመስል ከኋላ ቆሞ ይገኛል።

በዚህ ቤት ያ ሰው የባልየው አጎት ነበሩ። ቤተሰቡ ከጆሯቸው ራቅ ሲል «ክቡር ተቆጣጣሪው» ይላቸዋል። ክቡርነታቸው ማለዳ በረቱ ደጃፍ ላይ ይሰየማሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ «እኔ ብሆን…» ብለው ይጀምራሉ። እሳቸው ቢሆኑ ድርቆሹን በግራ በኩል ነበር የሚበትኑት። እሳቸው ቢሆኑ ፍጉን ከላይ ወደ ታች ነበር የሚጠርጉት። ከላይ ወደ ታች ሲጠረግ ደግሞ፣ እሳቸው ቢሆኑ ከታች ነበር የሚጀምሩት። አንድ ጊዜ እናቱን የሚጠባ ጥጃ አጠገብ ቆመው አጠባቡን ሲያርሙት ተሰምተዋል። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ቀና ብለው ሰማዩን ሲያዩ፣ አጣጣሉ ላይ አስተያየት ያላቸው ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ፍዳዋን የምታየው የባልየው ሚስት፣ ምራቲቱ ነበረች፤ አላቢዋ እሷ ናትና። ዓይን አፋር ናት። ከተዳረች ጀምሮ «ጋሼ» ለምትላቸው ለክቡርነታቸው ከ«እሺ» በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል አልመለሰችላቸውም። ጠዋትና ማታ ከትልቋ ላም ሆድ ሥር ቁጭ ስትል፣ ጋሼ ከጀርባዋ ቆመው ስለ አቀማመጧ፣ ስለ ባልዲው መዝመም፣ ስለ ጣቶቿ ይናገራሉ። ላሟ ታመሰኳለች፣ እሷ እሺ ትላለች፣ ወተቱ ይወርዳል። በልቧ ግን «ምናለ አንድ ቀን እንኳ በሰላም ባልብ» ትል ነበር።

ትልቋ ላም «እመቤት» ትባላለች። ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት፤ የሌሎቹ ላሞች ወተት ተደምሮ የሷን አይሞላም።

የተመኘችው ሰላም መጣ። አንድ ጠዋት ባልየው ፍግ ሲዝቅ ክቡርነታቸው ስለ አካፋ አያያዝ ያብራሩ ነበር። ሰውዬው ትዕግሥቱ አለቀና አካፋውን እንደ እጅ መንሻ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ያሳዩን።» ጋሼ ተቀበሉት። ከላይ እስከ ታች አዩት። እጀታው ላይ ያለውን ጉድለት ተናገሩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ኮታቸውን ለብሰው ከተማ ወዳለችው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ስድብ ቢሆን ይቅር ይሉ ነበር፤ አካፋ ግን ከበዳቸው።

ያን ዕለት ግቢው ጭር አለ። አማትየው፣ የባልየው እናት፣ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሞቁ። ባልየው እያፏጨ ሠራ። ምራቲቱም ልቧ ቀለል ብሏት እመቤት ሥር ቁጭ አለች፤ ጣቶቿም እንደ ልማዳቸው ሥራቸውን ጀመሩ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ይቺኛዋ ግን ምድር ላይ ቆማ፣ ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነው የከለከለቻቸው። በማግስቱም ያው ሆነ። ጥጃዋን አቀረቡላት። ግቷን በሞቀ ውሃ አጠቡላት። ፉርሽካ ጨመሩላት፤ ፉርሽካውን በላችና በሩን በሩን ታይ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ዳሰሳት፤ ጤነኛ ናት አለ። ነገር ግን ወተቱ እንዲህ ውስጧ ከቆየ ወይ ግቷ ይታመማል፣ ወይ ጨርሳ ትነጥፋለች። ደግሞም ከብት ልማድ ይወዳልና፣ ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ ጠየቀ።

አማትየው አሰቡ፣ አሰቡና፣ «ኧረ ምንም የለም» አሉ። «ሰላም ከማግኘታችን በቀር።»

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ወተት ግን አይደለም።

አሁን ለጋሼ ማን ይደውል? ባልየው ሞቼ እገኛለሁ አለ። ከነጠፈች በኋላ ማን ይገዛታል፣ ለነገ ነጋዴ ልጥራ ብሎ ወጣ። አማትየው ደግሞ ብልሃት ያገኙ መስሏቸው ላሟ አጠገብ ቆሙ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ድምፃቸውን አጎርንነው «እኔ ብሆን» አሉ። ሳቃቸው ቀደማቸውና ተዉት። ላሟም አላመነቻቸውም።

ማታ ላይ ምራቲቱ ብቻዋን በረት ገባች። ስልኳን ግርግሙ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለችና ባልዲዋን ይዛ እመቤት ሥር ቁጭ አለች። ቀኑን ሙሉ የይቅርታ ቃል ስታጠና ነው የዋለችው። ጋሼ «ሃሎ» ሲሉ ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ከአፏ የወጣው ጨርሶ ሌላ ነገር ሆነ።

«ጋሼ፣ እመቤትን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኳት ነው።»

«በምን?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስለ ዘመኑ ሰው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስላጠፋቸው ላሞች ሁሉ ያወርዱት ጀመር። እመቤት ጆሮዋን ወደ ስልኩ አዞረች። የተወጠረ ጀርባዋ ላላ። ባልዲው ጮኸ።

«ምንድነው እሱ የሚንጫጫው?» አሉ ጋሼ አቋርጠው።

«ወተት ነው ጋሼ። እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ ይዛብን ነበር።»

ወዲያ ማዶ ድምፅ ጠፋ። የወተቱም ክር ቀጠነ።

«እባክዎ ይናገሩ፣ ጋሼ።»

«ምን ልበል ልጄ?» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። የሚሉትን ሲያጡ ይኸው የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ፣ «እጅሽ እኮ… ደህና እጅ ነው» አሉ ለስለስ ብለው። ላሟ ይህን ድምፅ አታውቀውም። ጆሮዋን መለሰች፤ ወተቱ ቆመ።

ምራቲቱ በዕድሜዋ ዋሽታ አታውቅም፤ አንዴ ከጀመረች ግን ለካ አይከብድም። ገመዱ በክፉ ተቋጥሯል አለች። ጋሼ ጮኹ። ገንዳው አልታጠበም፣ ድርቆሹም በቀኝ በኩል ነው የተበተነው አለች። ጋሼ አገሱ። ባልዲው አረፋ እስኪደፋ ሞላ።

«ነገ በጠዋት መጣሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያ ቤት አልቆለታል።»

ባልየው የሞላውን ባልዲ አየና ነጋዴው እንዳይመጣ ሊነግር ሄደ። ሲመለስ ሚስቱ በረት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ገንዳው ታጥቦ፣ ሁሉም ነገር ጋሼ ሲጮኹ እንደኖሩት ሆኖ ነበር የጠበቃት። ጋሼ ሲመጡ የሚያርሙት አንድ ነገር እንኳ አልነበረም። እናም ገመዱን ፈትታ በክፉ ትቋጥራለች፣ ድርቆሹን እያፈሰች ወደ ቀኝ ትበትናለች።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ጋሼ ነገ ይመጣሉ» አለችው። ባዶውን ባልዲ ትንሽ አጣማ አስቀመጠችና፣ ራቅ ብላ አየችው፤ አልበቃትም፣ ጨምራ አጣመመችው። «ባዶ ቤት አይጠብቃቸው ብዬ ነው።»