ከሽንኩርት ክምር የተነሣችው ጂኒ

ድሮ ጂኒ አድራሻ ነበረው። ወይ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው፣ ወይ ወንዝ ዳር፣ ወይ ዋርካ ሥር፤ በቀትር እዚያ ካልዞራችሁበት እሱም ጉዳዬ ብሎ ቤታችሁ አይመጣም። የዛሬው ግን ኔትወርክ ያለበት ሁሉ ይገባል። ሳሎን ተቀምጣችሁ ጎመን ስትከትፉ ከስልካችሁ ብቅ ይላል። እኔ ታዲያ የአንዷ ጂኒ ምስጋና ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል በር ላይ ስለቆመ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ፤ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው።

ያን ሰሞን አዳማ ውስጥ ቪዲዮውን ያላየ ሰው ካለ ስልኩ የተሰበረበት ብቻ ነው። ጠራራ ፀሐይ፣ ጭር ያለ ማሳ፣ ትልቅ የሽንኩርት ክምር። ድንገት ክምሩ ይናድና ከውስጡ ፊት የሌለው ቀይ ጭንቅላት ብድግ ይላል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ሁለት እጁን ዘርግቶ በቀስታ አንዴ ይዞርና ወደ ኋላው ዘፍ ይላል። በቃ። የት እንደተቀረጸ አይታወቅ፣ ማን እንደቀረጸው አይታወቅ።

ቪዲዮው አለቀ እንጂ ወሬው መች አለቀ! አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ጎረቤታችን “ይሄ ኬንያ ነው፤ ቦታውን አውቀዋለሁ” ብሎ ማለ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወዲያ ሄዶ እንደማያውቅ ሚስቱ ነገረችን። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጭራሽ ሽንኩርት መግዛት ትታ ወጧ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ በሽተኛ ገርጥቶ ሰነበተ። ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሄለን በሁላችንም ሳቀች።

“እቴቴ፣ ይሄ እኮ በኤአይ የተሠራ ነው። ሰውም ጂኒም አይደለም።”

“እስቲ ቪዲዮውን ድገሚልኝ” አልኳት። አምስት ጊዜ ደገመችልኝ። በአምስተኛው ስልኩን ከእጇ ወስጄ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

እናንተ ያያችሁት ቀይ ጭንቅላት ነው። እኔ ያየሁት ቀዩን የሽንኩርት ከረጢት ነው፤ ያንን መረቡን። መቂ ሽንኩርት መርጣችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ነፋሱ ደረቁን ልጣጭ እያነሣ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። እኔና ጓደኛዬ ጫልቱ አብረን በሠራንበት ዘመን ከረጢቱን ፊታችን ላይ አጥልቀን አንገታችን ላይ በገመዱ ማሰር ፈጠርን። ሌሎቹ ሳቁብን እንጂ አልተከተሉንም። ስለዚህ እንዲያ የሚያስሩ ሴቶች በአገሩ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ ነኝ።

ጫልቱን ካየኋት ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረሰችም። ሠርግ የቀረ በሚቀጥለው ይክሳል፤ እናት ግን ደግማ አትሞትም። አኮረፍኩ፣ ስልኳንም ከስልኬ አጠፋሁ። አሁን ሰው ሁሉ “ጂኒዋ ተመልሳ ገባች” በሚልበት ቦታ እኔ ሴት ስትወድቅ አየሁ። እጇን የዘረጋችው ልታስፈራ አይደለም። የምትይዘው አጥታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሄለንን ጎትቼ መቂ ገባሁ። አንዱን ደላላ ስለ ጫልቱ ብጠይቀው “እሷማ አዙሯት ክምሩ ጥላ ሥር ጋደም ባለችበት ሽንኩርቱ ተናደባት፤ ይኸው አራት ቀኗ፣ ሥራም አልመጣች” አለኝ። ማን እንደቀረጻት ግን አያውቅም፤ የዚያን ቀን ሽንኩርት ሊጭን መጥቶ የሄደው ሰው ብዙ ነበር። ቤቷ ስደርስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ባዶ ጆግ ታቅፋ ተኝታለች።

“ዱፍቴ?” አለችኝ። መጣሽ? ማለቷ ነው፤ ሱቅ ደርሼ የተመለስኩ ይመስል።

ሐኪም ቤት ብናደርሳት ሐኪሙ ስኳሯ ከልክ አልፏል አለ። “አንድ ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ አታገኟትም ነበር።” እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይሄው ነው። ነፍሷ መለስ ስትል “የእናትሽን የሰማሁት ሰልስቱ ካለፈ ነው” አለችኝ። “ምን ፊት ይዤ ልምጣ ብዬ ቀረሁ።” እሷ ስታፍር ሦስት ዓመት፣ እኔ ሳኮርፍ ሦስት ዓመት።

ቪዲዮውን የቀረጸውን ሰው ላመሰግነው ብዙ ፈለግሁት። ሰው ሲወድቅ ቀርጾ ማንሣቱን ቢረሳም፣ እሱ ባይቀርጽ እኔ ከየት አውቄ? ሄለን ስልኳን ስትፈትሽ “የቀረጽኩት እኔ ነኝ” የሚሉ አምስት ሰዎች አገኘች። አምስቱንም መረቅኋቸው። እውነተኛው ካለበት ይድረሰው፤ የቀሩትንም ምርቃት አይጎዳቸውም።

ጫልቱ ቪዲዮውን አላየችውም ነበር። ቀና ብላ ሾርባ መጠጣት የጀመረች ዕለት ሄለን ከፈተችላት። ጭንቅላቱ ብድግ ሲል “ቢስሚላህ!” ብላ ስልኩን ወረወረችው።

“አንቺ እኮ ነሽ” አልኳት።

አንሥታ እንደገና አየችው። ከዚያ ዞር ብላ፣

“ዘነቡ፣ ሰው ሆኜ ሦስት ዓመት ስጠብቅሽ ቀርተሽ፣ ጂኒ ስሆን መጣሽ?”

እውነቷን ነው። “ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ” አልኳት።