የማያልቅ የሰርግ ጥሪ

(ጅግጅጋ፤ የጋሽ ወልደሩፋኤል ማተሚያ ቤት። ዐብዲፈታህ ነገ ሂቦን ያገባል። ኮምፒውተር አውቃለሁ ባይ ነውና፣ ለሙሽሪት ወገኖች በጥሪ ካርድ ላይ ስም የሚሞላ ፕሮግራም በፓይተን ራሱ ጽፎ መጥቷል። ፕሪንተሩ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሙሽራው ግን አፉ አይሸነፍም።)

ዐብዲፈታህ፦ የተበላሸው ፕሪንተርዎ ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ፕሪንተሩማ እየሠራ ነው። ማቆሙን ነው እንቢ ያለው።

ዐብዲፈታህ፦ ጋሼ፣ ነገሩ ለእርስዎ ይከብዳል።

ወልደሩፋኤል፦ እሺ። እኚህ ሀናድ የሚባሉት ግን ሰፈራቸው የት ነው? ካርድ የሚያደርስ ባጃጅ ቆሟል።

ዐብዲፈታህ፦ ሀናድ? የሂቦ ቅድመ አያት ናቸው። የተቀበሩት ሐርተሼክ ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ታዲያ ባጃጅ አይሆንም፤ በሚኒባስ ልላከው።

(ዐብዲፈታህ ካርዶቹን ገለበጠ። ከሀናድ ቀጥሎ የሀናድ አባት፣ ከዚያም የእሳቸው አባት። የሙሽሪት አባት ሀጂ ዳሂር ያስጻፉት የአባቶች ቆጠራ ሲያልቅ ደግሞ «ለክቡር የእገሌ አባት አባት አባት» እያለ ይቀጥላል።)

ዐብዲፈታህ፦ ሙታን እየጠራሁ ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ማን ጥራ አለህ?

ዐብዲፈታህ፦ ልጅ ተጠርቶ አባት ቢቀር ነውር ነው ብዬ፣ «ለእያንዳንዱ ተጋባዥ አባቱን ከሊስቱ መጨረሻ ጨምር» አልኩት። አባትየውም ሊስቱ ውስጥ ገብቶ ተጋባዥ ሆነ፤ ተራው ሲደርስ የእሱም አባት ተጨመረ። ሉፑ፣ ሊስቱን ተራ በተራ የሚዞረው ትእዛዝ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ጫፉ ይሸሸዋል።

ወልደሩፋኤል፦ ስማቸው የማይታወቀውስ?

ዐብዲፈታህ፦ «የእገሌ አባት» ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ። ሰው አባት የለውም አይባል።

ወልደሩፋኤል፦ ጨዋ ነገር ነው የሠራኸው።

ዐብዲፈታህ፦ አሁን ይዩኝ። መጀመሪያ የሊስቱን ቅጂ እወስዳለሁ። የምዞረው በቅጂው፣ የምጨምረው በዋናው ላይ። ቅጂው አያድግም። ስም ያጣህበት ቦታም ቁም እለዋለሁ።

(ቁልፍ ሲመታ ቆየ። በመጨረሻ ፕሪንተሩ ጸጥ አለ። ሙሽራው ደረቱን ነፋ።)

ዐብዲፈታህ፦ እውቀት ማለት ይህ ነው። በሉ የሙታኑን ካርድ ይጣሉት።

ወልደሩፋኤል፦ ባጃጁ ቆሞ ከሚውል ብዬ፣ ስም ያላቸውን ሁሉ ለሀጂ ዳሂር ላክኋቸው። የእሳቸው ሰዎች አይደሉ?

(ስልክ ጠራ። ሀጂ ዳሂር ናቸው። ዐብዲፈታህ ብድግ ብሎ «እሺ አዴር፣ እሺ አጎቴ» ሲል ቆይቶ ዘጋው። ፊቱ አመድ መስሏል።)

ወልደሩፋኤል፦ ሰርጉ ቀረ?

ዐብዲፈታህ፦ አለቀሱ። በደስታ። አባቶቼን እስከ ላይ ድረስ በክብር የጠራ አማች አይቼ አላውቅም አሉ። ካርዶቹን ድንኳኑ በር ላይ ሊሰቅሏቸው ነው።

ወልደሩፋኤል፦ ታዲያ ምን አስደነገጠህ?

ዐብዲፈታህ፦ የእኔም አባቶች ከጎናቸው ይሰቀሉ፣ አሁኑኑ ላክ አሉኝ። አባቶቹን ለማይቆጥር ወንድ ልጄን አልድርም ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሳቅ አይመስልም።

ወልደሩፋኤል፦ ይኼ ምን ያስጨንቃል? የቅድሙን ስህተት መልሰው።

(መለሰው። ቅጂውን አጥፍቶ ሉፑን በሚያድገው ሊስት ላይ ለቀቀው፤ ራሱን አንደኛ አድርጎ አስገባ። አባቱ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አብቲርሲውን፣ የአባቶቹን ቆጠራ፣ ሊያስጠኑት በሞከሩ ቁጥር «ሲያስፈልግ ስልኬ ላይ እፈልገዋለሁ» ይላቸው ነበር። ፕሪንተሩ የአባቱን ካርድ አወጣ። የአያቱን አወጣ። ከዚያ በላይ ስም አጣና ጸጥ አለ። ሙሽራው ክዳኑን መታ መታ አደረገው፤ ቀጥል ብሎ ለመነው።)

ወልደሩፋኤል፦ (እጁን እየጨበጠው) እንኳን ደስ አለህ፣ ልጄ። ይኸው ቆመልህ።