ኦቦ ለሜሳና የአለቃችን ክንድ

በዚህ ዓለም ያለው ባለሙያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ «ነገ ና» የሚለው። ልብስ ሰፊውም፣ አናጢውም፣ ሰዓት አዳሹም የተማሩት ከአንድ መምህር ይመስለኛል። የሁሉም ሊቀ ሊቃውንት ግን ጎባ ነበሩ፤ ፍላጻና የፍላጻ አፎት የሚሠሩት ኦቦ ለሜሳ። እሳቸው «ቦሩ» ነው የሚሉት። በኦሮምኛ ያው ነገ ማለት ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ከመጪው ፋሲካ ወዲህ እንደማይሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

በጃንሆይ ዘመን ጎባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃችን አቶ ኃይለመስቀል ወደ አዲስ አበባ ሊዛወሩ ሦስት ወር ሲቀራቸው፣ ሠራተኛው መክሮ ለባሌ መታሰቢያ ዐሥራ ሁለት ፍላጻ ከነቆዳ አፎቱ እንስጣቸው አለ። የማሠራቱ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ። ባልደረቦቼ ምን ያህል እንደሚጠሉኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ኦቦ ለሜሳ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው እንጨት ይፍቁ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ማን እንደሚወረውረው ጠየቁኝ። ማንም አይወረውረውም፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አልኳቸው። ልጅዎን ለጅብ ይዳሩልኝ ያልኳቸው ይመስል ትክ ብለው አዩኝ።

«ለግድግዳ ከሆነ ምስማር ይበቃዋል» አሉ። «ለሰው ከሆነ የክንዱን ልክ አምጣ።»

ስጦታው ምስጢር ስለነበር አለቃዬ መዝገብ ሲያገላብጡ ከኋላቸው ሆኜ በሲባጎ ስለካ ያዙኝ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው በሩን ዘጉና፣ ከኮት ቀለም ጥቁር ሰማያዊ እንደሚሻላቸው፣ ትከሻው ብቻ እንዳይጠብባቸው በጆሮዬ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመከራ ዘመን ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስሄድ እንጨቱ አልደረቀም። በሦስተኛው ደርቆ ነበር፤ ዳሩ ግን በትኩስ አመድ ያቀኑትን የአየሩ እርጥበት መልሶ አጎበጠው። «ይህ እንጨት ገና ጫካውን አልረሳም» አሉኝ፣ የእንጨቱ ናፍቆት የእኔ ጥፋት ይመስል። ቀጥሎ ላባ ጠፋ። የዶሮ ላባ መቼ አነሰ ብላቸው፣ አለቃህ ዶሮ ናቸው ወይ አሉኝ። የአሞራ መሆን አለበት፣ እሱም ከአንድ ወገን ክንፍ፤ የግራና የቀኙ ከተደባለቀ ፍላጻው አየር ላይ ከራሱ ጋር ይጣላል። አሞራዋን ማን እንደሚያስፈቅዳት አልነገሩኝም። አቶ ኃይለመስቀል በበኩላቸው ባዩኝ ቁጥር ደረታቸውን ነፍተው ትከሻቸውን ያሳዩኝ ጀመር። የእድገት ወረቀቴ ጠረጴዛቸው ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

በስንብቱ ዋዜማ ዐሥራ ሁለቱም አልቀው አገኘሁ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ኦቦ ለሜሳ አንዱን መዘው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱትና ጉልበታቸው ላይ ሰበሩት። ለእኔ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነበር። ጠማማ ነው አሉ። ሌላ ሳይሰብሩ አፎቱን ልወስድ እጄን ስዘረጋ፣ «ቦሩ» አሉኝ፤ ራሳቸው ሊያመጡት ነው።

በማግሥቱ የስንብቱ ንግግር አልቆ ምሳ ሊቀርብ ሲል እጄ ባዶ ነበር። ባልደረቦቼ እኔን ማየት ትተው ጣራ ጣራውን ያያሉ። እድገቴን በልቤ ቀብሬ ሳበቃ፣ ኦቦ ለሜሳ አፎቱን በትከሻቸው፣ የራሳቸውን ቀስት በእጃቸው ይዘው ገቡ። አቶ ኃይለመስቀል አፎቱን ተቀበሉ። ክዳኑን ከፍተው ብዙ ቆዩ፤ ኮቱ ታጥፎ ከውስጥ ይኖር እንደሆነ ብለው ይመስለኛል። ፊታቸው ጠቆረ።

ኦቦ ለሜሳ ማንንም ሳያስፈቅዱ የአለቃዬን ክንድ ይዘው ወደ ግቢው አወጧቸው። ቀስቱን አስያዟቸው፣ ክርናቸውን አቃኑላቸው። «ሱታ» አሏቸው፤ ቀስ ይበሉ ማለታቸው ነው። ከብዕር በቀር ምንም ጨብጠው የማያውቁት ሰው ፍላጻውን ለቀቁት። አጥሩ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተሰክቶ ተንቀጠቀጠ።

አቶ ኃይለመስቀል ክንዳቸውን ገና ዛሬ የተሰጣቸው ይመስል አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሁለተኛውን መዘዙ። ዐሥራ አንዱን ጨርሰው፣ ራሳቸው እየነቀሉ አምጥተው እንደገና ጀመሩ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሲሄዱ ለኦቦ ለሜሳ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ለበላዮቻቸው እንኳ እንዲያ ሲጎነበሱ አይቻቸው አላውቅም።

ወረቀቴንም ፈረሙልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ጊኒር ሄጄ የክፍል ሹም እንድሆን ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት፣ የማዘው ነገር ሳይኖረኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቦ ለሜሳ ደጅ ስሰደብ እውል ነበር። የቢላዋ አያያዜ፣ አቀማመጤ፣ አተነፋፈሴ ጭምር አንዱም ጥሟቸው አያውቅም።

የመሄጃዬ ቀን ሲደርስ ለባለቤቴ ለፈለቀች ሹመቱ ቢቀርብኝ እንደሚሻለኝ፣ የጎባም አየር እንደሚስማማኝ ነገርኳት። ብርዱ ሊገድለኝ ነው እያልኩ ስድስት ዓመት ስነዘንዛት የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈለቀች አልተከራከረችኝም። ከሸሚዜ እጅጌ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ በጣቷ እየለቀመች፣ «ይሁን» አለችኝ።