ባትሪ ዝም ብሎ አይገዛም

በየቤቱ አንድ መራጭ አይጠፋም። ሌላው ሰው ይገዛል፤ እሱ ይመርጣል። ሌላው ገዝቶ፣ ተጠቅሞ፣ አስረጅቶ ሲጥለው እሱ ገና ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በጎረቤትነት የሚያውቁት እየሳቁ ያወሩታል። ያገባችው ግን ብዙም አትስቅም።

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አንዱን አግብታለች። ባሏ ሠላሳ አራት ዓመት የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራው መለካት ነበር፤ መንገዱ በዚህ ይሂድ፣ በዚያ ይሂድ ብለው የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ። ጡረታ ሲወጣ መለካቱን ይዞ ቤቱ ገባ፤ የሚወስነው ሰው ግን አብሮት አልመጣም። ሰፈርተኛው ‘ክቡር መራጭ’ እያለ ይጠራዋል። እሱም እንደ ማዕረግ ይቀበለዋል።

የካውያዋ እጀታ የቀለጠ ጊዜ አዲስ ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጀ። ስምንቱንም ወር የቀለጠውን እጀታ በእራፊ ጨርቅ ጠቅልላ የሰው ልብስ ተኮሰችበት። ፍራሽ ሲመርጥ በየሱቁ እየተጋደመ ይሞክር ነበር፤ አንዱ ጋ እንቅልፍ ወስዶት ባለሱቁ ቀስቅሶ፣ “ተመችቶዎታል ማለት ነው፣ ጋሼ?” ቢለው፣ “የለም፣ ደክሞኝ ነው” ብሎ ወጣ። የመጋረጃ ቀለም እስኪመርጥ ደግሞ መስኮታቸው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ሁለት ክረምት አለፈ። ያውም የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ጨርቅ ነው።

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው የሚወርደው ደረጃ መስኮት የለውም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሰው የገዛ እጁን አያይበትም። አምፖሉ ከጠፋ ቆይቷል፤ በተተካ ቁጥር ይሰረቃል። ልብስ ሰፊዋ የጨረሰችውን ልብስ ለደንበኞቿ ለማድረስ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትወርዳለች። ሁለት እጇ ሙሉ ስለሚሆን ስልኳን በጥርሷ ነክሳ በእሱ መብራት ነበር የምትወርደው።

“አንድ ባትሪ እንግዛ” አለችው አንድ ቀን ጠዋት። “ቻርጅ የሚደረግ፣ ደመቅ ያለ። ለደረጃውም ይሆነናል፣ እህቴ ጋ ስንሄድም ለደጅ ይሆነናል።”

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ‘እገዛለሁ’ ማለት ሲገባት ‘እንግዛ’ አለች።

“ባትሪ ዝም ብሎ አይገዛም” አለ ክቡር መራጭ፣ መነጽሩን እያደረገ።

በማግስቱ አዲስ ደብተር አመጣና አሰመረበት። ድምቀቱ፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ቢወድቅ፣ ዝናብ ቢያገኘው፣ ውስጡ ያለው ድንጋይ ሲደክም ይቀየር እንደሆነ፤ ለሁሉም ዓምድ ዓምድ አበጀለት። ምሳ ላይ ስለ ብርሃን መለኪያው፣ ስለ ሉመን፣ ማስተማር ጀመረ። “ሺህ ሉመን ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ሺህ እንዳይመስልሽ” ይላል ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ። “ሲበራ ሺህ ይሆናል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እየሟሸሸ ሁለት መቶ ይገባል። ይህን ካርቶኑ ላይ አይጽፉልሽም።”

“እኔ ደረጃ ልወርድበት ነው” ትለዋለች።

“እሱንም ለይቼ ጽፌዋለሁ።”

የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ምን እንዳደረገው እንጃ፣ ክቡርነታቸው ሥራ እንደ ያዘ ሰው በየጠዋቱ እዚያ ይገኙ ጀመር። ባትሪ ይዘው መጋዘን ይገባሉ፤ “በሩን ዝጋልኝ” ይላሉ፤ ጨለማው ውስጥ ግድግዳ ላይ እያበሩ ይጽፋሉ። ቢወድቅ ይሰበር እንደሆነ ለማየት ሆን ብለው ይጥሉታል። አንድ ቀን ባለሱቁ ዘወር ሲል ጠብቀው አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ወዲያ ሱቁ በር ላይ ‘ባትሪ ውሃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው’ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሌላው ደንበኛ ቆሞ ያነበዋል፤ ማን እንዲህ እንደሚያደርግም ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው ወር ላይ ልብስ ሰፊዋ ትዕግሥቷ አለቀና መንገድ ላይ ካገኘችው ነጋዴ አንዱን አንስታ ገዛች። ያን ዕለት ደረጃውን በብርሃን ወጣች። ደረጃው ያን ያህል ቆሻሻ መሆኑን እንኳ ያየችው ገና ያኔ ነው።

ባሏ ተቀበላትና ግድግዳው ላይ አበራው። “መሐሉ ላይ ብቻ ነው። ዳር ዳሩን እይው፣ ጨለማ ነው። ይሄ ሩቅ ለሚያይ እንጂ ለደረጃ አይሆንም። ተሸውደሻል።”

“እኔ አይቼበታለሁ።”

“አንቺማ የለመድሽው ስልክ ነው፣ ምኑን ታውቂዋለሽ።” ከሰዓት በኋላ ይዞት ወጥቶ ለነጋዴው መልሶት መጣ። እሷም የሚጠብቃት ስፌት ነበርና ወደ መኪናዋ ዞረች።

በአምስተኛው ወር ለሚዜዎች የሰፋቻቸውን ስድስት ቀሚሶች በክንዷ አንጠልጥላ ወረደች። ስልኳ እንደ ልማዷ በጥርሷ መሐል ነው። መስኮት የሌለው ደረጃ ላይ ስትደርስ ደወለ። የሙሽራዋ እናት ናት፤ ‘የት ደረስሽ?’ ልትል ነው። ስልኩ አፏ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደንገጥ ብላ ለቀቀችው፤ መብራቱ ተገልብጦ ጨለማ ሆነ፤ እግሯ ቀጣዩን ደረጃ ፈልጎ አጣው። ስልኩ ታች ሆኖ እየጮኸ፣ እሷ ቀሚሶቹ ላይ ተዘርራ የቀኝ እጇ አንጓ መሰበሩን ድምፁን ሰምታ አወቀች።

ሐኪሙ እጇን በጀሶ ጠቀለለው። ባሏ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ራስጌዋ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ይሁን እንጂ ልማድ ነውና አፉን ከፈተ፤ “ዶክተር፣ ይሄ ጀሶ ከ—”

“አንድ ነገር ብትጠይቅ” አለችው ቀስ ብላ፣ “ከዚህ ተነስቼ ወደ ቤትህ አልመለስም።”

በዚያው ቀን የሙሽራዋ እናት ቀሚሶቹን ሰብስባ የተበላሸውን እንዲያስተካክል ሌላ ሰፊ ጋ ወሰደቻቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት የቆዩ ደንበኞችም ጨርቃቸውን ሊወስዱ መጡ። “ሲሻልሽ እንመለሳለን” ብለዋት ሄዱ፤ እሷም እንደማይመለሱ እያወቀች በግራ እጇ ሸኘቻቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባሏ መድኃኒት ሊገዛላት ወጣ። የማስታገሻ ክኒን መርጦ እስኪመጣ ጊዜ እንዳላት ታውቃለች። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልትቀደው ነበር ያነሳችው። በአንድ እጅ ደብተር አይቀደድም፤ ስለዚህ ገለጠችው።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንዳሰበችው የሉመንና የሰዓት ቁጥር ናቸው። ቀጥሎ ያለው ግን ስለ ባትሪ አልነበረም። ‘ሁለት እጇ ስለሚያዝ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ይሁን።’ ‘ክብደቱ ይህን ካለፈ አይሆንም፤ ቀኑን አጎንብሳ ስለምትውል አንገቷን ያማታል።’ ‘እምቢ ብላ በጥርሷ ብትይዘውስ? ብረት ከሆነ ጥርሷን ይጎዳል፤ ጎማ የለበሰ ይፈለግ።’ ‘አሥራ ዘጠኝ ደረጃ። ሰባተኛው ጠርዙ ተሸርፏል። ብርሃኑ ወደ ጎን ካልሰፋ አይታያትም።’ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አምስት ወር ሙሉ ሰውዬው ሲያጠና የኖረው እሷን ነበር።

አለቀሰች ቢባል ውሸት ነው። ቀድሞ የመጣባት ንዴት ነው። የወደቀችው ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነበር።

ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀችው። “ሰባተኛው ደረጃ መሸረፉን ታውቅ ነበር?”

“ለክቼዋለሁ” አለ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ጨርሼ ልነግርሽ ነበር።” ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና የክኒኑን ከረጢት እንደያዘ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

በማግስቱ በታሰረ እጇ ወደ ሱቁ ይዛው ሄደች። ከመደርደሪያው ላይ ለዓይኗ የቀረበውን በግራ እጇ ጠቆመችና፣ “ይሄን” አለች። ባለሱቁ ወደ ባልየው አየ። ክቡር መራጭ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ‘ዋ’ የምትል ፊደል ጀምሮ ‘ዋስትና’ ሳትሆን ዋጣት። ወደ ቤት ሲመለሱ ደረጃው ላይ እሱ ፊት ፊት፣ የኋሊት እየወጣ እግሯ ሥር አበራላት። ብርሃኑ ዳር ዳሩን አይሰፋም ነበር። እሱ ግን ነገሩን አላነሳም።

ስድስት ሳምንት አልፎ ጀሶው ሲፈታ አንጓው ገጥሟል። አውራ ጣቷ ግን እሺ አላለም። መርፌ ይይዛል፣ ጨርቅ ይገፋል፤ መቀስ ሲሆን ይከዳታል። ሐኪሙ ‘በጊዜ ብዛት’ አለ፤ ሐኪም ሌላ የሚለው ሲያጣ የሚለውን።

እህቷ፣ “ቆራጭ ቅጠሪ” ብትላትም ልብስ ሰፊዋ ባሏን ጠራችው። በአንድ በኩል ሰው የሚያስቀጥር ሥራ አልቀራትም፤ በሌላ በኩል ልቧ ውስጥ የቀረ ቂም አለና እንዲቀምሰው ፈለገች። የቀረችላት አንዲት ደንበኛ ያመጣችውን ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በሳሙና አሰመረችና ትልቁን መቀስ አስያዘችው።

ሜትሩን አነሳና ለካ። ደግሞ ለካ። ከጎን ዞሮም ለካ። ግንባሩ በላብ ርሷል። “ጨርቁ የሰው ነው እኮ” አለ። “ከተቆረጠ በኋላ…”

“ከተቆረጠ በኋላ የለም” አለችው። “ቁረጥ።”

“መስመሩ እርግጠኛ ነሽ?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁረጥ።”

እጁ መቀሱን ከፍቶ መልሶ ሲገጥም አየችው። ሠላሳ አራት ዓመት ተራራ የለካ እጅ ነው። ልትስቅበት ጠብቃ ነበር፤ አልቻለችም። የማይሠራውን እጇን አንስታ የእሱ እጅ ላይ ጣል አደረገችው፤ ሊመራው አቅም የለውም፣ እንዲያው ጣል አደረገችው።

ቆረጠ። ትከሻው ድረስ ደህና ሄደና ብብቱ ጋ ሲደርስ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱም አዩት። መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ፊቷን ያይ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንዲህ የተጣመመ ቅድ አይታ ያለፈችው የለም፤ ተለማማጆች ከዚህ ባነሰ አልቅሰው ወጥተዋል።

“ደህና ነው” አለችው። “ቀጥል።”