በበርሜል የተመረቀው ቦኗችን

ጓድ ቢያዝን ነው ያዋረደኝ። በደርግ ጊዜ፣ ዳንግላ፣ የሰፈራችን ቦኖ በተመረቀበት ቅዳሜ።

ስሙን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ልጆቹ ፌስቡክ ላይ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ያንብቡት።

ብነግራችሁ አታምኑኝም። ውሃውን ከወንዝ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ ያው ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ ያጨበጨብኩለትም እኔ።

ከመሳቃችሁ በፊት ላስረዳ።

ያኔ ቀበሌው ከከተማው ጫፍ የከብት ግጦሽ የነበረ ሜዳ ሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ሰጠን። ሠራን። ቤት አለ፤ መንገድ የለም፣ መብራት የለም፣ ውሃ የለም። ከወንዝ ነበር የምንቀዳው። ቁልቁለቱን በባዶ እንስራ፣ ዳገቱን በሙሉ እንስራ። ክረምት ሲገባ ሆዱን የማያመው ሕፃን አልነበረም።

እኔ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። ጓድ ቢያዝን አስጠርቶ፣ "ቦዩን እናንተ ቆፍሩ፣ ቧንቧውን መንግሥት ያመጣል" አለኝ። ቤት ለቤት ዞሬ ሴቶቹን አሳመንኩ። እሑድ እሑድ ቆፈርን።

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ከአገው አገር፣ ከዘንገና በኩል የመጣች፣ ምላሷ እንደ ዶማዋ የማያርፍ ሴት ናት። ነፍሰ ጡር ሆና ቆፍራለች። "አንቺ የሻረግ፣ ይሄ ውሃ ባይመጣ አንቺን ነው የምጠጣሽ" ትለኝ ነበር።

ቧንቧው መጣ።

ቦያችንን ተከትሎ መጥቶ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ታጠፈ።

የታጠፈው ወደ ሹማምንቱ አዳዲስ ቤቶች ነው። ከእኛ በኋላ የተሠሩ፣ ቆርቆሯቸው ገና የሚያብረቀርቅ። አንዱ የጓድ ቢያዝን ነው። ለእነሱ በየግቢያቸው ውሃ ገባ። ለእኛ ደግሞ የሲሚንቶ ምሰሶ አቆሙልንና መክፈቻ ገጠሙበት። ከመክፈቻው ጀርባ ምንም የለም።

ሄጄ ጠየቅሁት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦዩን የቆፈርነው እኛ አይደለንም?"

"አትቸኩይ፣ ጓድ የሻረግ። ቅዳሜ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ደረቅ ቦኖ ካዩ ተናደው ይሄዳሉ። ውሃ ሲወርድ ካዩ ግን ደስ ብሏቸው የቀረውን ቧንቧ ይልኩልናል።"

አመንኩት። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ!

ዓርብ አንድ ትልቅ በርሜል በጋሪ መጣ። ከቦኖው ጀርባ ጉብታ ላይ አስቀምጠው በአጭር ጎማ ከምሰሶው ጋር አገናኙትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፈኑት። ከወንዝ እየቀዳን ሞላነው። እኔ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ጥሩነሽ እንስራዋን እየገለበጠች፣ "ሰው ከቦኖ ይቀዳል ሲባል ነበር የሰማሁት፤ እዚህ ለቦኖው የሚቀዳው ሰው ነው" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ተቆጣሁ። "ለነገ ብቻ ነው፣ ዝም ብለሽ ሙይ!"

ቅዳሜ ሪባኑ ተቆረጠ። ውሃው ወረደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ አንዱ እጁን ታጠበበት። እኔ በሴቶቹ ስም የምስጋና ደብዳቤ አነበብኩ። ራሴ የጻፍኩት ነው፤ "ከዛሬ ጀምሮ ከወንዝ መቅዳት ቀረልን" ይላል። ፈርሜ በእጃቸው ሰጠሁ።

የመኪናቸው አቧራ ሳይበተን ቦኖው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንጠባጠበና ቆመ።

ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፍኩና ሴቶቹን አስከትዬ አውራጃ ሄድኩ። እነሱ ውጭ ቆዩ፣ እኔ ገባሁ። የውሃ ጉዳይ የሚያየው ሹም ፋይል ገለጠ።

"እናንተ ሰፈር ውሃ ገብቷል።"

"አልገባም፣ ጌታዬ።"

"አልገባም?" ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። "ይሄ ፊርማ የማን ነው?"

"የኔ።"

"ታዲያ ውሸታሙ ማን ነው?"

የበርሜሉን ነገር ባወጣ ጓድ ቢያዝን የት እንደሚያስገባኝ አውቃለሁ። ማመልከቻዬን መለሰልኝ።

ወጣሁ። ጥሩነሽ ልጇን አዝላ ደጁ ላይ ቆማለች። "ምን አሉሽ?" አለችኝ። በራሴ እጅ የጻፍኩት ደብዳቤ ውሃችንን እንዳስቀረ ነገርኳት። እሷም አማርኛ ለማይሰሙት በአገውኛ አስረዳቻቸው። የሚሳቅበት ነገር ነበር። ማንም አልሳቀም። የመልሱን መንገድ ሁሉ ከፊቴ ሄዱ፤ አንዲትም ዞራ አላየችኝም።

ዛሬም አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሕንፃ በተመረቀ ቁጥር ፎቶው እዚህ ይለጠፋል። ሪባን፣ መቀስ፣ ጭብጨባ። እናንተም ላይክ ታደርጋላችሁ። ለመሆኑ ከምሰሶው ጀርባ ዞሮ ያየ አለ? ወይስ ሞኟ እኔ ብቻ ነበርኩ?

ከአውራጃ በተመለስኩ ማግስት የማኅበሩን ማኅተም ለቀበሌው መለስኩ። ከዚያ እንስራዬን ይዤ ጓድ ቢያዝን ግቢ ገባሁ። ሚስቱ በረንዳ ላይ ነበረች። "ማን ፈቀደልሽ?" አለችኝ። እንስራዬን ቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ። ሞልቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጥሩነሽ መጣች፤ ከዚያ ሌሎቹ። እሱ ከሶ ሊያስቆመን አልቻለም፤ ቢከሰን፣ በወረቀት ቦኖ ያላቸው ሴቶች ለምን ግቢው ድረስ እንደሚመጡ ሊጠየቅ ነው። ደርግ እስኪወድቅ ከዚያ ቀዳሁ።