ከመቶው ጠርሙስ መቶ ሃያው ፈሰሰ

ሁለት ሐበሾች አንድ በር ላይ ከተገናኙ በሩ ሥራ ይፈታል። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ!»፣ «እኔ ልሙት!» ሲባባሉ፣ ከኋላ የመጣው ፊሊፒናዊ በመሀላቸው ሾልኮ ይገባና ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ኩዌት ሲቲ ባንክ ደጃፍ ላይ ይህን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ከሁለቱ አንዱ እኔው ነበርኩ። ከአገር ስንወጣ ሻንጣችንን ያልበረበረ ፈታሽ የለም፤ ይሉኝታችንን ያስቀረ ግን አልተገኘም።

እኔ የምሠራው ከፋሐሂል ወዲያ፣ ፋብሪካዎች በተደረደሩበት ሰፈር ነው። ፋብሪካችን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሲሞላ ኖሮ፣ ኮሮና ሲመጣ ሳኒታይዘር ወደ መሙላት ዞረ። እኛም ከሳሙና ሠራተኝነት ወደ ዓለም አዳኝነት አደግን። መስመራችን ላይ አራት ሐበሾች ነን። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ ከሁላችንም ታላቅ፤ በማሽን ክዳን ይገጥማሉ። እኔ ምልክቱን እለጥፋለሁ፣ ተስፋዬ ካርቶን ውስጥ ይከታል፣ ከድር ካርቶኑን ይደረድራል። ዓለምን ማዳኑ ደህና ይዞልን ነበር፤ ችግሩ ጠርሙሶቹ ይፈሳሉ። ወደ ከተማ የሄደው ካርቶን ሁሉ እየራሰ ይመለስ ጀመር።

ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ተቆጣ። አንድ ግብጻዊ መሐንዲስ አመጣና የጥራት ሥልጠና ትወስዳላችሁ አለን። በመጨረሻ ፈተና አለ፤ ብዙ ስህተት የተገኘበት ሰው ስሙ ወደ አገራቸው ከሚሸኙት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ያኔ ደግሞ ሰው የሚወስድ አውሮፕላን እንጂ ሠራተኛ የሚያመጣ አልነበረም። የሄደ ሄደ ማለት ነው።

ባሽሙሃንዲስ እንለዋለን፤ ግብጾች መሐንዲስን ሲያከብሩ እንዲያ ነው የሚጠሩት። መጋዘን ውስጥ ሁለት ሁለት ሜትር አራርቆ አስቀመጠንና በመጀመሪያው ቀን የዓሣ አጥንት ሣለ። ጭንቅላቱ ላይ ችግሩ፣ እሾሆቹ ላይ ደግሞ መንስኤዎቹ ይጻፋሉ አለ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ተስፋዬ ዓሣ በጾም አይበላም ብሎ ነገር ጀመረ። እኔ ይበላል አልኩ። ከድር ሙስሊም ስለሆነ ከማንም አልወግንም ብሎ በሽምግልና ገባ። ዓሣው አንድም ነገር ሳይጻፍበት የሻይ ሰዓት ደረሰ።

በማግስቱ፣ ችግር ሲያጋጥማችሁ አምስት ጊዜ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ አለን። እስቲ ፍረዱኝ፤ እኔ ያደግኩት ሁለተኛው «ለምን» ኩርኩም በሚያስቀምስበት ቤት ነው። አምስተኛው ምን እንደሚመስል በምን አውቃለሁ? እስከዚያ የደረሰ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በየስማችን የስህተት መቁጠሪያ ወረቀት አደለን። በእጃችሁ ለተበላሸ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ጭረት፤ በቃ። ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? ለሌላ ሕዝብ የለም።

የፈተናው ቀን መቶ ጠርሙስ ለቀቁልን። አሁን ምስጢር ልንገራችሁ፤ ጋሽ ሰይድ መነጽር ያደርጋሉ። ማስክ ከመጣ ወዲህ ትንፋሻቸው ሽቅብ እየወጣ መነጽሩን ጉም ያለብሰዋል፤ ክዳኑን የሚገጥሙት በግምት ነው። ከአሥሩ አራቱ ጠማማ ይሆናል። ጠርሙሱ ቆሞ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል፤ የሚፈሰው እኔ ልለጥፍበት ሳጋድመው ነው። ስለዚህ እሳቸው አያውቁም። ማንስ ደፍሮ ይነግራቸዋል? ባለቤታቸው ባያን በሚባል ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ይሠራሉ፤ ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ከተሸኙ ሴትዮዋ እዚህ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

እኔ ወንደላጤ ነኝ፤ ብሸኝ የሚጎዳ የለም። የመጀመሪያዋ ጠርሙስ ስትፈስ በጨርቅ ጠረግ አደረግኋትና በራሴ ስም አንድ ጭረት ጭሬ አሳለፍኳት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። አርባ ስሞላ ደረቴ ተነፋ። እንዲህ ያለ ሰው አሁን ከየት ይገኛል?

ለካ ከአጠገቤ ይገኛል። ያችኑ ጠርሙስ ተስፋዬም ጠርጎ በራሱ ስም ጭሯል፤ ከድርም ተቀብሎ ጠርጎ በራሱ ስም ጭሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ሳንነጋገር አብረን ቁጥር የሚባለውን ነገር አሰርነው።

ባሽሙሃንዲስ ወረቀቶቹን ደመረ። ደገመ። ስልኩን አውጥቶም ደመረ። ከዚያ ሙዲሩ ፊት ቆሞ፣ ከተመረተው መቶ ጠርሙስ መቶ ሃያው ተበላሽቷል ሲል ድምፁ ቀጠነ። ሙዲሩ ሃያዎቹ ከየት መጡ አለ። እውነቱን ነው፤ እኛም አሳስቦናል።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞሮ ያስተማረንን አወረደብኝ። ለምን አርባ አበላሸህ? እጄ ተንቀጠቀጠ። ለምን? እንቅልፍ አጣሁ። ለምን? ጎረቤቴ ያንኮራፋል። ለምን ያንኮራፋል? ወፍሮ። ለምን ወፈረ? በሰዓት እላፊው። እነሆ የችግሩ ምንጭ ተገኘ! ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆመው «አይ ልጄ!» እያሉ በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተስፋዬ ጾሙ አድክሞኝ ነው አለ። ከድር ከእኔ ሰምቶ እሱም ጎረቤቴ ያንኮራፋል አለ። የከድር ጎረቤት እኔ ነኝ።

ሙዲሩ ሦስታችንንም ዝርዝሩ ውስጥ ሊያስገባ እስክሪብቶ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሦስት ሰው ከሸኘ መስመሩ ይቆማል፣ ምትክ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ከዚያ አራተኛውን ወረቀት አየ። ንጹሕ ነው፤ ለምልክት እንኳ አንድ ጭረት የለበትም። ጋሽ ሰይድ በዚያችው ደቂቃ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። እኔ በእሳቸው ቦታ ክዳን እንድገጥም ተመደብኩ።

ደስታችን ልክ አልነበረውም። እስከ ፋሐሂል አውቶቡስ ውስጥ ስንስቅ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን። ጋሽ ሰይድ ተረፉ፣ እኛም ተረፍን፤ በዚያ ላይ ባለሥልጣን ዘመድ አገኘን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ከእንግዲህ ማን ይነካናል አልን።

ተቆጣጣሪ ብቻውን በመስታወት ክፍል ስለሚቀመጥ ማስክ አያስፈልገውም። በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ማስካቸውን አወለቁ፤ መነጽራቸው ጠራ። ከዚያ ወዲያ የማይታያቸው ነገር ጠፋ። እኔ ደግሞ ለክዳን ገና አዲስ ነኝ፤ እስከ ምሳ ድረስ በስሜ ዘጠኝ ጭረት ገባ።

በምሳ ሰዓት ሄጄ፣ ጋሼ እባክዎ ቀለል ያድርጉልኝ፣ ማሽኑን እንደሆነ ያውቁታል አልኳቸው። በፍቅር ዓይን አዩኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «በማሽኑ አታሳብብ። ይኸው እኔ ስገጥም አንዲት እንኳ አልፈሰሰችብኝም። ካላመንከኝ ወረቀቱን እይ።»

ወረቀቱን አየሁ። እውነታቸውን ነው።