ጡረተኛው ሾፌር ማሰሯቸውን በገዛ እጃቸው የቈረጡበት ዜና

ንዌጥን፣ እንጀምር እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። የአውቶቡስ አለቃ፣ መሪ ጨባጭ፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ የሚጠሩ፣ ክላክሳቸው ከሩቅ የሚለይ ጋሼ ሾፌር፣ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘመነ መስኮት አልፎ ዘመነ ጭቃ በባተ ጊዜ ይህ ሆነ።

ዘመነ መስኮት መባሉ ስለ ምን ቢሉ፣ ጋሼ ሾፌር መሪው ለሌላ ከተሰጠ ወዲህ ጧት ጧት ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አኑረው የሚያልፈውን አውቶቡስ «ዘገየ» እያሉ ሲፈርዱ፣ ከሰዓት ደግሞ ማድ ቤት ገብተው ድስቱን በቁመቱ ሲያሰልፉ፣ ክዳኑን ከድስቱ ሲያፋቱ ይውሉ ነበርና ነው። ወእምዝ ባለቤታቸው፣ የቤቱ ምሰሶ፣ የቁም ሣጥን ቁልፍ ያዥ እመቤት፣ እንዲህ ብለው አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ አንተ ሰውዬ! ድስቴ ተሳፋሪ አይደለም፣ ሰልፍ አያስፈልገውም! እዚያ ማዶ ሸክላ መሥራት የሚያስተምሩበት ቤት አለ፤ ሂድና እጅህን ጭቃ አስይዘው!»

ጋሼ ሾፌርም ዘመቱ። አብረዋቸው የዘመቱት እኒህ ናቸው፦ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊዋ፣ ረጃጅም ጥፍሮቿን ለጥበብ ብላ የሰዋች፤ ልብስ ሰፊው፣ ሽርጡን ራሱ ሰፍቶ ኪስ ያበዛበት፤ ደግሞም «ዝምታ» የሚሏት ልጅ፣ ማሰሮዋ ሲፈርስ እንኳ እህ የማትል። በሁሉ ላይ የሠለጠነችው መምህርቷ ነበረች፤ በዕድሜ የጋሼ ሾፌርን የመጨረሻ ልጅ የምታህል፣ ክርኗ ላይ ጭቃ የደረቀባት፣ ቆማ የምታስተምር፣ ቆማ የምትበላ።

በመጀመሪያው ዘመቻ ጋሼ ሾፌር የሸክላ መሽከርከሪያው ፊት ተቀምጠው፣ ጭቃውን መሃሉ ላይ ለጥፈው፣ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው፣ ዳገት እንደሚወጣ አውቶቡስ ነዳጅ ቢሰጡት፣ ጭቃው ተፈናጥሮ ሄዶ ከልብስ ሰፊው ኪስ ገባ። በሁለተኛው ዘመቻ ማሰሮው ቆመ ሲባል ወገቡ ከዳው፤ ከሠርግ ቤት እንደሚመለስ ሰው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ ጥቂት አስቦ፣ ተኛ። ወካዕበ ሞከሩ፣ ወካዕበ ፈረሰ። ያን ቀን ዝምታ እንኳ ሳቀች። መምህርቷም በጉባኤው መካከል አወጀች፦

«ጋሼ፣ ይሄ ዳገት አይደለም! እግርዎን ያቅልሉት፣ ክርንዎን ጭንዎ ላይ ያስደግፉት። አያባርሩት፤ እርስዎ ዝም ካሉ እሱ ራሱ መሃል ይገባል!»

በዚህ መካከል ጭቃው ግዛቱን ወደ ቤት አሰፋ። በሱሪው ጉልበት ገብቶ ሶፋው ላይ ሰፈረ፣ የበሩን እጀታ ያዘ፣ ትራሱን ከበበ። እመቤቲቱም ሁለተኛውን አዋጅ አወጡ፦

«እስከ ቅዳሜ አንድ ወግ ያለው ማሰሮ ካላሳየኸኝ፣ ጭቃህን ትተህ ወደ መስኮትህ ትመለሳታለህ! እኔ ያገባሁት ሾፌር ነው፤ ጭቃ አላገባሁም!»

ጋሼ ሾፌር ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። መስኮቱ ያስፈራቸው ነበርና፤ እዚያ ሥር እጆቻቸውን የሚፈልግ ማንም አልነበረምና።

ቅዳሜ ደረሰ። ተቀመጡ፣ እግራቸውን አቀለሉ፣ ክርናቸውን አስደገፉ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጭቃው መሃል ገባ፤ ከመዳፋቸው ሥር ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ሆድ አወጣ፣ አንገት አወጣ፣ ከንፈር አወጣ፤ ቆመ!

የዚያ ቤት ሕግ ግን ይህ ነበረ፦ የተማሪ የመጀመሪያ ቀጥ ያለ ማሰሮ፣ የግድግዳው ውፍረት እኩል መሆኑ ይታይ ዘንድ፣ በሠሪው እጅ ከአፉ እስከ ታቹ በሽቦ ይቈረጣል። ጋሼ ሾፌር ሕጉን ያውቁት ነበር፤ ዳሩ ግን ለመቈረጥ የበቃ ማሰሮ ኖሯቸው ስለማያውቅ ነገሩ አሳስቧቸው አያውቅም። መምህርቷ ምድጃውን ልታይ ወደ ጓሮ ስትወጣ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ አወጀ፦

«ጋሼ፣ ካፖርቴ ሰፊ ነው! ከሥሩ ይዘውት ውልቅ ይበሉ፤ እኛ አላየንም!»

በሩ ክፍት ነበረ። ጋሼ ሾፌር በሩን አዩ፣ ማሰሮውን አዩ። ሰው ባይኖርም ቀይ መብራት ጥሰው የማያውቁ ናቸውና፣ መምህርቷ እስክትመለስ ጠብቀው፣ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ወጥረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቈረጡት። ሲገልጡ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ነበረ፤ ከሥሩ ብቻ ጥቂት ወፍሯል፣ ይህም ለሽማግሌ ይፈቀዳል። መምህርቷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጀች፦

«ኑ እዩ! ሁላችሁም እዩ! ጋሼ፣ ሰኞ እጀታ እንጀምራለን!»

ጋሼ ሾፌርም ሁለቱን ግማሽ በጣውላ ላይ አኑረው፣ ወንበር ቢለቀቅላቸውም አልቀመጥም ብለው፣ በአውቶቡስ ቆመው ተጓዙ። በመታጠፊያውም ላይ ለወጣቱ ሾፌር «አንተ ልጅ! ፍሬን እንደ እንቁላል ነው የሚረገጠው!» የሚል አዋጅ አወጡ።

እመቤቲቱ ለሁለት የተከፈለውን ማሰሮ ባዩ ጊዜ ለቍጣ ተነሡ። ጋሼ ሾፌር ግን የእመቤቲቱን አውራ ጣት ይዘው በግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ አስኬዱት፤ እዚህ ጋ ልቤ መታ፣ እዚህ ጋ ትንፋሼን ያዝሁ፣ እዚህ ጋ እንደሚቆም አወቅሁ እያሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ራት እስኪቀዘቅዝ ተረኩላቸው። እመቤቲቱም ማሰሮውን ትተው የባላቸውን ፊት አዩ። ቆይተውም፣ በቤቱ ከሁለቱ በቀር ማንም ባይኖርም፣ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ስማ! ግማሽም ቢሆን ወግ አለው። ሰኞ ሂድ። ሱሪህን ግን በረንዳ ላይ አውልቀህ ግባ፤ ጎረቤት ቢያይ ይይ!»

ምስጋና ይድረስ እንግዲህ ለጋሼ ሾፌር፣ ብረት ሲነዱ ኖረው ለጭቃ ለታዘዙ፣ በስተርጅና ተማሪ ለተባሉ፣ የልባቸውን ፍሬ ለሽቦ ለሰጡ! ነገሥታት ግንብ አሠሩ፣ ከተማ ቈረቈሩ፤ ጋሼ ሾፌር ግን አንዲት ማሰሮ ቈርጠው፣ ሰኞን የሚያህል ሰፊ አገር አቀኑ።